ኃይሉ የት ይሂድ? የኤሌክትሪክ ፒካፕ የሆድ መከላከያዎች ዳሰሳ

የናፍጣ ፒካፕ ሥር ተንጋሎ ሲሠራ የኖረ መካኒክ ሆዱን በዳበሳ ያውቀዋል። ኮፓው፣ ካምቢዮው፣ ዲፍረንሻሉና የነዳጅ ታንከሩ ለየብቻቸው የተንጠለጠሉ ናቸው፤ በመካከላቸውም ክፍተት አለ። ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ኮፓውን ቢመታው ዘይት ይፈሳል፣ መኪናው ይቆማል፣ ኮፓው ተበይዶ ወይም ተለውጦ ጉዞው ይቀጥላል። የኤሌክትሪክ ፒካፕ ሆድ ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተዘረጋ አንድ ሰፊና ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ እዚያ ውስጥ አለ። ድንጋዩ በግራም ይምጣ በቀኝ የሚያገኘው ባትሪውን ነው።

የሪቪያን ኩባንያ አር ዋን ቲ የተባለው ፒካፕ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ለደንበኞች መድረስ ከጀመረ ወዲህ፣ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ መኪኖች ተጨማሪ መከላከያ የሚሠሩ ወርክሾፖች በርክተዋል። የሆድ ላሜራ፣ ከበር ሥር የሚታሰር የብረት ቱቦ፣ የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ ወፍራም ጥርስ ያለው ጎማ፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ሁሉም በየዓይነቱ ይሸጣል። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ላስ ቬጋስ በሚካሄደው ሴማ የተባለ የመኪና ዕቃዎች ትርኢት ይህ ሁሉ ተሰድሮ ይታያል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን እነዚህን ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ሌላ ጥያቄ ልመዝናቸው እፈልጋለሁ፦ ምቱ ሲመጣ ኃይሉን ወዴት ይልኩታል?

ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ በግልጽ የመለሰው የፒካፕ አምራች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 በዋሽንግተን ግዛት፣ ኬንት ከተማ አጠገብ አንድ ቴስላ ሞዴል ኤስ አውራ ጎዳና ላይ የወደቀ ጠማማ ብረት ላይ ወጣ። የብረቱ አንድ ጫፍ አስፋልቱን ተደገፈና ሌላው ጫፍ ተነሥቶ ከሥር ባትሪውን ወጋው። ኩባንያው ራሱ እንደገመተው የምቱ ኃይል 25 ቶን አካባቢ ነበር፤ 6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን የባትሪ ጋሻ በስቶ ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል የሚሆን ቀዳዳ አወጣ። መኪናው ተቃጠለ፣ አሽከርካሪው በሰላም ወረደ። በቀጣዩ ወር ቴነሲ ግዛት ውስጥ ሌላ ሞዴል ኤስ የተጎታች መሳቢያ ብረት ረግጦ ተመሳሳይ አደጋ ደረሰበት።

ኩባንያው በማርች 2014 የሰጠው መልስ ዛሬም ሊጠና ይገባዋል። ላሜራውን በማወፈር ብቻ አላለፈውም፤ ሦስት ዕቃ በተርታ አስገባ። ከፊት ክብና ክፍት የአሉሚኒየም ዘንግ አለ፤ ሥራው የወደቀውን ነገር ወደ ጎን መግፋት ነው፣ ወይም ከባትሪው በፊት ወዳለው ባዶ ቦታ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ቀጥሎ የቲታኒየም ጠፍጣፋ ይመጣል። ከእሱ በኋላ በትንሹ ያዘነበለ ድፍን አሉሚኒየም አለ፤ ይህ የምቱን ኃይል ይውጣል፣ ነገሩ የማይሰበርና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ራሱን አንሥቶ በላዩ ያሳልፈዋል። ቀደም ብለው ለተሸጡት መኪኖች በነጻ ተገጠመ፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ምርመራውን ዘጋ። ኃይሉን ማዞር፣ መዋጥ፣ ካልሆነም መኪናውን ማንሣት፦ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ መከላከያዎች ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች ስንቱን እንደሚሠሩ መጠየቅ እንችላለን።

ሰው ስለ ባትሪ ምት ሲያወራ ቶሎ የሚመጣበት እሳት ነው። እሳቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን ከሥር ተመትተው ከሚጎዱ መኪኖች የሚቃጠሉት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚበዛው ጉዳት ጸጥ ያለ የገንዘብ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ውስጥ የአንድ ሂዩንዳይ አዮኒክ 5 ባትሪ የሥረኛው ሽፋን ተጎድቶ፣ ለምትክ ባትሪ የተጠየቀው ዋጋ ከ60,000 የካናዳ ዶላር በላይ ሆነ። መኪናው ራሱ ሲገዛ ከወጣበት ይበልጥ ነበርና የኢንሹራንሱ ድርጅት ከጥቅም ውጭ አደረገው። መኪናው አልተቃጠለም። ችግሩ የታጠፈው ሽፋን ሥር ያሉት የባትሪ ክፍሎች ደኅና መሆናቸውን ፈርሞ የሚያረጋግጥ ሰው መጥፋቱ ነው። መከላከያ የሚገጥም ሰው ሊያስቀር የሚሞክረው ጉዳት በተለይ ይህን ነው፤ ከመበሳት በፊት ያለውን፣ በማጠፍ ብቻ የሚመጣውን።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ምን ይሰጣሉ? ሪቪያን ለአር ዋን ቲ በ2,000 ዶላር ይሸጥ የነበረው የኮረኮንች ጥቅል የተጠናከረ የሆድ ጋሻ፣ ከፊት ሁለት መጎተቻ ቀለበትና የጎማ መንፊያ ነበረው። መኪናው በአየር ሞላ ወደ 38 ሴንቲሜትር ከመሬት ይነሣል፤ ይህ ከላሜራ ሁሉ የሚበልጥ መከላከያ ነው፣ ያልተነካ ሆድ አይጎዳምና። የጄኔራል ሞተርስ ሃመር ኤሌክትሪክ ሥሩን ለአሽከርካሪው የሚያሳዩ ካሜራዎች አሉት፤ ይህንንም ከመከላከያ እቆጥረዋለሁ። የፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ ግን ከመሬት የሚነሣው 21 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለእርሻ መንገድና ለፒስታ የተሠራ ጥሩ የሥራ መኪና ነው፤ ትላልቅ ድንጋይ ላይ ለመውጣት ግን አልታሰበም፣ የትኛውም ላሜራ ያንን አይለውጠውም። በዚህ ላይ ሻጮች ደፍረው እውነቱን ቢናገሩ እወድ ነበር።

ወደ ማቴሪያሉ እንግባ። ገበያው ላይ ያለው በዋናነት ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ወፍራም የፖሊኤትሊን ፕላስቲክና የተዋሐደ ፋይበር ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ያለውን የባትሪ ሆድ ለመሸፈን 4 ሚሊሜትር ብረት ብንጠቀም 75 ኪሎ ይመዝናል። 6 ሚሊሜትር አሉሚኒየም 39 ኪሎ ገደማ፣ 10 ሚሊሜትር ፖሊኤትሊን ደግሞ 23 ኪሎ ያህል ይሆናል። ብረት ርካሽ ነው፣ የትኛውም በያጅ ያቃናዋል፣ ድንጋይ ላይም በደንብ ይንሸራተታል። አሉሚኒየም ይቀላል፣ አይዝግም፤ ግን ስለሚለሰልስ የድንጋዩ ሹል ይቆፍረውና መኪናው በሆዱ እንዲያዝ ያደርጋል። ፖሊኤትሊን ከሁሉም ይበልጥ ይንሸራተታል፣ ከተጎበጠም በኋላ ይመለሳል፤ በስለታም ድንጋይ ግን እየተላጠ ያልቃል። ሙቀትም አይወድም።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ በመኪናው አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ነው። ዩታ ውስጥ እንደ ሞአብ ባለ የአሸዋ ድንጋይ ላይ በሆዱ ለሚጎተት መኪና መንሸራተት ከሁሉ ይቀድማል፤ በፒስታ ላይ 60 እየነዳ ጠጠርና የወደቀ ብረት ለሚያገኝ ደግሞ ምት መዋጥ ይቀድማል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ አሟላለሁ የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥም ገዢው ደግሞ ደጋግሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከማቴሪያሉ ይልቅ ወሳኙ ግን ክፍተቱ ነው። ላሜራው ከባትሪው ሳጥን ጋር ተጣብቆ ከታሰረ፣ ድንጋዩ ላሜራውን ሲያጎብጠው ጉብታው በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ያልፋል። 8 ሚሊሜትር ብረት እንኳ ቢሆን በዚህ አገጣጠም የሚያደርገው ጉብታውን ትንሽ ማስፋት ብቻ ነው። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ሰው የሚያድነው በውጭው ቅርፊት ብቻ ሳይሆን በቅርፊቱና በራስ ቅሉ መካከል ባለው ሊጨፈለቅ በሚችለው አረፋ ነው፤ የባትሪ ጋሻም እንዲሁ። በላሜራውና በሳጥኑ መካከል ጥቂት ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ወይም የሚጨፈለቅ ነገር ካለ፣ 3 ሚሊሜትር ላሜራ ክፍተት ከሌለው 6 ሚሊሜትር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ክፍተት ግን በነጻ አይገኝም፤ ያንኑ ያህል ከመሬት ከፍታ ይበላል። ከፍ ብሎ ለሚነሣው ሪቪያን ሁለት ሴንቲሜትር ማጣት ቀላል ነው፣ ለላይትኒንግ ደግሞ ከባድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የት እንደሚታሰር ነው። በናፍጣ ፒካፕ ላይ ላሜራ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ነው፤ ሻንሲው ወፍራም ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ይበሱታል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቅርብ ሆኖ የሚገኘው የባትሪው ሳጥን ጠርዝ ራሱ ነው። ሳጥኑን የያዙት ብሎኖች በተለካ ኃይል የተጠበቁ ናቸው፤ እነሱን ፈትቶ ላሜራ በመካከል አስገብቶ በረጅም ብሎን መልሶ ማሰር የሚያጓጓ አቋራጭ ነው። በዚያ ጊዜ ግን ላሜራው የሚቀበለው ምት ሁሉ ባትሪውን ወደያዘው መታሰሪያ ይሄዳል፣ ፋብሪካውም ዋስትናዬን አንሥቻለሁ ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል። በደንብ የታሰበባቸው ምርቶች የሚታሰሩት ከሳጥኑ ውጭ ባለው የመኪናው አካል ላይ፣ ፋብሪካው ቀድሞ በተዋቸው ቀዳዳዎች ነው። ትራፓኖ ከባትሪው ሳጥን አጠገብ ጨርሶ መቅረብ የለበትም። ብየዳም እንዲሁ፦ ሙቀቱም ኤሌክትሪኩም ሁለቱም ጠላት ናቸው።

ብዙ ወርክሾፕ የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። የባትሪው ሳጥን የግፊት ማስተንፈሻ አለው። ውስጡ ያለ ክፍል ሲበላሽ የሚፈጠረው ትኩስ ጋዝ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው፤ ከሥር ወይም ከጎን ሆኖ ላሜራ የሸፈነው እንደሆነ ጋዙ መውጫ ያጣል። ጭቃም አለ። ላሜራውና ሳጥኑ መካከል የገባ ጭቃ ደርቆ ይደነድናል፣ ያንን ውድ ክፍተት ይሞላዋል፣ ክፍተቱም እንደሌለ ይሆናል፤ ከውኃ ጋር ሲቆይ ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ በመሃል የጎሚኒ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት፣ በጥቂት ብሎን ወርዶ የሚታጠብ ላሜራ ያስፈልጋል። ለማውረድ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ላሜራ ማንም አያወርደውም፤ የማይወርድ ላሜራ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ጉዳት ይደብቃል። አንዳንድ ባትሪዎች የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዞርበትን ጠፍጣፋ ከክፍሎቹ ሥር ነው የያዙት፤ ትንሽ ስንጥቅ ሲያገኘው ፈሳሹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ስለ ጎን መከላከያው ብዙ ይወራል። ከበር ሥር የሚታሰረው ወፍራም ቱቦ፣ መኪናው ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ የመኪናውን ክብደት እንዲሸከም የታሰበ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና የበሩ ሥር ሌላ ከባድ ኃላፊነት አለበት፦ በጎን ግጭት ባትሪው እንዳይጨፈለቅ የሚጨፈለቀው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ መኪና በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ወደ 25 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው ቋሚ ምሰሶ ጋር በጎኑ ተላትሞ ይፈተናል፤ የበሩ ሥር የተነደፈው ያንን አስቦ ነው። በዚያ ላይ የሚጨመር ጠንካራ ቱቦ፣ የሚጨፈለቀውን ቦታ አልፎ ኃይሉን በጥቂት መታሰሪያ ነጥቦች ወደ ውስጥ ሊወስደው ይችላል። ጭነቱን በረጅም ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያሰራጭ፣ የክሪክ ማስገቢያ ቦታዎችን ያልሸፈነ ከሆነ ልገዛው እችላለሁ። በአራት ብሎን ብቻ የተንጠለጠለ መርገጫ ግን መሳፈሪያ ነው፣ መከላከያ ብሎ መሸጥ ትክክል አይደለም።

ስለ ብረት ፓራውልት አጭር ልሁን። ከእነዚህ መኪኖች ፊት ራዳርና ካሜራ አለ፤ እነሱን የሚሸፍን ፓራውልት መኪናው በራሱ ፍሬን የሚይዝበትን ሥርዓት ያሳውራል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርም ትንሽ ነው። ገንዘብ ካነሰ መጀመሪያ የሚቀረው ይኼ ነው። ዊንች ግን ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ዋጋ አለው፤ ስሌቱ የመኪናው ክብደት አንድ ጊዜ ተኩል ስለሆነ፣ 3.2 ቶን ገደማ ለሚመዝነው ሪቪያን ወደ 4.8 ቶን የሚስብ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ዊንች በሙሉ ጭነት 400 አምፔር አካባቢ ከ12 ቮልት ይስባል። ትልቁ ባትሪ ምንም ያህል ቢሞላ ዊንቹን የሚመግበው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት፤ እሷን ሳያጠና ዊንች የሚገጥም ባለሙያ ደንበኛውን ጭቃ ውስጥ መኪናውን ማስነሣት ሳይችል ሊተወው ይችላል።

ክብደትና አየር ደግሞ ርቀት ይበላሉ። ሪቪያን ራሱ ባለ 20 ኢንች የኮረኮንች ጎማው ርቀቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚቀንስ ለገዢ ይነግር ነበር። 75 ኪሎ ላሜራ ከ3 ቶን በላይ በሚመዝን መኪና ላይ ብዙም አይሰማም፤ ሃመሩ እንዲያውም ከ4 ቶን በላይ ነው፣ ባትሪው ብቻ 1.3 ቶን ገደማ። የሚጎዳው የጣሪያው ጭነት ነው። የሆድ ላሜራ ለስላሳና ወጣ ገባ የሌለው ሲሆን አየሩን እንዲያውም ሊያቃና ይችላል።

ውኃን በተመለከተ ፋብሪካዎቹ ከገበያው ቀድመዋል። የቴስላ ሳይበርትራክ ወንዝ ሲሻገር የባትሪውን ሳጥን በአየር ግፊት ይሞላዋል፤ የተፈቀደው ጥልቀት ከጎማው ሥር 81 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ሳጥኑ በደንብ እንደታሸገ ከሆነ ነው። ትናንት በድንጋይ የተጣመመ ጠርዝ ዛሬ ውኃ ያስገባል። ስለዚህ ድንጋይ ከመታው በኋላ ሳይፈተሽ ወንዝ የሚገባ ሰው ሁለቱን አደጋ ያጣምራል።

እስካሁን የገለጽኩትን ሁሉ የሚለካ ደንብ ለረጅም ጊዜ አልነበረም፤ አሁን ቻይና አንድ እርምጃ ተራምዳለች። ጂቢ 38031-2025 የተባለው የባትሪ ደኅንነት ደንብ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች ግዴታ እንዲሆን ተወስኗል። ከቀድሞው የተለየው፣ አንድ የባትሪ ክፍል ቢበላሽ ለሁለት ሰዓት እሳትም ፍንዳታም እንዳይኖር መጠየቁና የሆድ ምት ፈተና መጨመሩ ነው፦ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ጫፍ በ150 ጁል ጉልበት ባትሪውን ከሥር ይመታዋል። ይህ 15 ኪሎ ነገር ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ነው። ለወደቀ ብረትና ለተስፈነጠረ ጠጠር ጥሩ መለኪያ ነው። የሪቪያን ክብደት አንድ አራተኛ ማለትም 800 ኪሎ ከ10 ሴንቲሜትር ድንጋይ ላይ ሲወርድ ግን ወደ 785 ጁል ይሆናል፣ ከደንቡ አምስት እጥፍ። ደንቡን ያለፈ መኪና ሁሉ ድንጋይ መውጣት ይችላል ማለት አይቻልም፤ ለተጨማሪ መከላከያ ሻጮችም በዚህ መጠን የፈተኑትን ውጤት የሚያሳትሙበት ጊዜ ደርሷል።

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካታል። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የተነገረው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነው፣ ተገጣጥመው የሚገቡት በ15 በመቶ ቀረጥ ይገቡ ነበር። መንገድ ላይ የምናየው በብዛት ከቻይና የመጣው ቢዋይዲ፣ የፎልክስዋገን አይዲ 4ና 6፣ የቶዮታ ቢዜድ ፎር ኤክስ ነው። እነዚህ ለለስላሳ የከተማ አስፋልት የተሠሩ ናቸው፤ እኛ ግን ኮብልስቶን፣ ምልክት የሌለው ጉብታ፣ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል፣ ከአስፋልቱ ሲወጡ ፒስታ እንነዳቸዋለን። ፒካፑም እየመጣ ነው፦ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ያስተዋወቀው አዲሱ ሃይሉክስ 59.2 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ ዓይነትም አለው፤ 70 ሴንቲሜትር ውኃ ይሻገራል ተብሏል። የገጠር ጤና ጣቢያና የእርሻ ልማት ሠራተኛ የሚነዳው ሃይሉክስ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ወረዳ የሚገባበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም።

ላሜራ የመሥራት ችሎታ አለን። ማንኛውም ጎበዝ ላሜራ ሠራተኛ ለሃይሉክስ ሆድ የሚሆን ብረት አጥፎ፣ በስቶ፣ ቀለም ቀብቶ ያስረዋል። ከቻይና የሚመጡ የተዘጋጁ የሆድ ላሜራዎችም አሉ፤ በሞዴል ተለይተው የተቆረጡ ስለሆኑ ቀዳዳቸው ይገጥማል፣ ክፍተታቸውን ግን ከመታሰሩ በፊት በእጅ መለካት ያስፈልጋል። ከናፍጣው ዘመን ይዘን መሄድ የሌለብን ልማድ በጠንካራው ነገር ላይ ሁሉ ማሰርና በትራፓኖ ማስተካከል ነው። የእኛ በያጆች ከባትሪው ሳጥን ውጭ ማሰር፣ ማስተንፈሻውን መለየት፣ ብሎን በተለካ ኃይል ማጥበቅ በጥቂት ቀናት የሚማሩት ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልጋቸው የመኪናው ሥር ንድፍ ነው። ንድፉ ያለው በአስመጪዎቹና በወኪሎቹ እጅ ነው። ከመኪናው ጋር አብሮ የመታሰሪያ ነጥቦችን፣ የማስተንፈሻውን ቦታና የክሪክ ማስገቢያውን የሚያሳይ አንድ ወረቀት በአማርኛ ለጋራዦች ቢሰጡ ወጪው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅቶችም በበኩላቸው በእንዲህ ያለ መከላከያ የተገጠመና ከምት በኋላ የተፈተሸ መኪናን ከሌላው ለይተው ቢያዩ፣ ባለመኪናው ላሜራውን አውርዶ ለማየት ምክንያት ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ከባድ ነገር የመታው መኪና ያለው ሰው ቻርጅ ከማድረጉ በፊት ሥሩን ያሳይ፤ አዲስ ጉብታ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጉደል ወይም የኢንሱሌሽን ማስጠንቀቂያ ካለ መኪናውን ከቤትና ከሌሎች መኪኖች አርቆ ያቁመው።